የአሮጌው ሌንስ ጭረት

ዕድላዊት ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ነገር ጉሮሮዋ ላይ ተቀርቅሮባታል። አሥረኛ ክፍል ደረሰች፤ አልዋጠችውም፣ አልተፋችውም።

ነገሩ የንብ ፎቶ ነው። ያኔ የቡራዩው ፎቶ ቤት ባለቤት ጋሽ ወንዳፍራሽ ካሜራቸውን ከነማክሮ ሌንሱ አውሰዋት ነበር። ማክሮ የሚባለው ትንሿን ነገር አቅርቦ የሚያነሳው ነው። እሳቸው የሟች ጉርድ ፎቶ ለማሳደግ ይገለገሉበታል፤ እሷ ግን ከጓደኛዋ ከለሊሴ ጋር ወደ ለሊሴ አያት ማሳ ይዛው ወረደች። ባቄላ አበባ ላይ ያረፈች ንብ አነሳች፤ የእግሯ ፀጉር እንኳ ይቆጠራል። የዚያን ዕለት ሚሞሪ ካርዱን እነ ለሊሴ ቤት ረስታው ሄደች።

«ጠፋ» አለቻት ለሊሴ በማግስቱ።

ከሁለት ወር በኋላ የትምህርት ቤቱን ውድድር የለሊሴ ንብ አሸነፈች። «እኔም በአጎቴ ካሜራ አንስቻለሁ። ንብ ያንቺ ብቻ ናት እንዴ?» ስትል ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ዕድላዊት ማስረጃ አልነበራትም። ጓደኝነቱ ቀጠለ፤ ነገሩም እዚያው ጉሮሮዋ ላይ ቀረ።

አሁን ታኅሣሥ 2008 ነው። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ማሳ ሊያሰፋ ነው በተባለው ማስተር ፕላን የተነሳ የአምቦ መንገድ አንድ ቀን በድንጋይ ይዘጋል፣ አንድ ቀን ይከፈታል። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ሳምንት አልፎታል። ጋሽ ወንዳፍራሽ ሱቃቸውን ነቅለው ወደ አዲስ አበባ ሊመለሱ ዕቃ እያሸጉ ነው።

«ሁለት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ስታግዢኝ ከርመሻል» አሏትና ሁለት ማክሮ ሌንሶች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «አንዱ ያንቺ ነው። ምረጪ።»

የአንድ ፋብሪካ ልጆች ናቸው፤ ታላቅና ታናሽ። ታላቁ ያኔ ያዋሷት ነው፤ ብረት ነው፣ ይከብዳል፤ ምስሉ ጥርት እስኪል ቀለበቱን በእጅ ማዞር ይፈልጋል። ታናሹ ቀላል ነው፤ ራሱ ያተኩራል፤ እጅ ቢንቀጠቀጥም ይችላል። ዕድላዊት ታናሹን ስትመኘው ኖራለች።

«አዲሱን ላፍ አድርጊያ» አለች ለሊሴ ማስቲካዋን እያኘከች። «ፏ ያለውን ትተሽ ይኼን ጡረተኛ ልትሸከሚ ነው?»

«ቆይ፣ ልሞክራቸው።»

ከአጥር የቀጠፈችውን ቅጠል ነጭ ወረቀት ላይ አድርጋ በሁለቱም አነሳችው። ኮምፒውተሩ ላይ ጎን ለጎን ከፈተቻቸው። የአዲሱ ንጹሕ ነው። በአሮጌው ፎቶ ላይ ግን፣ ከታች በግራ ጥግ፣ እንደ ተቆረጠ ጥፍር የጎበጠች ፈዛዛ ነጭ ምልክት አለች። ወረቀቱን ቀይራ ደግማ አነሳች። ምልክቷ አልሄደችም።

«ከኋላው መስታወት ላይ ጭረት አለ» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ። «ስገዛውም ነበረበት። ጉርድ ፎቶ ላይ ማን ያየዋል ብዬ ነው የተውኩት።»

ዕድላዊት ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ያቺን ምልክት ታውቃታለች። ያሸነፈው ፎቶ ላይ፣ ከንቧ በታች በግራ ጥግ አለች። ዳኞቹ «ጨረቃዋን ማስገባቷ!» ብለው ለሊሴን አመስግነዋታል።

ዞር ስትል ለሊሴ ማኘኳን አቁማለች።

«ዕድል፣ አዲሱን ውሰጂ» አለች። አሁን ድምፅዋ ቀልድ የለበትም። «አሮጌውን ጋሼ ይዘውት ይሂዱ።»

«ለምን?»

«እንዲሁ። ላንቺ ብዬ ነው።»

«ጨረቃዋ» አለች ዕድላዊት።

ለሊሴ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ዕድላዊት ታናሹን ሌንስ አንዴ በእጇ መዘን አደረገችው፤ መልሳ አስቀመጠችው። አሮጌውን አነሳች።

«እርግጠኛ ነሽ?» አሉ ጋሽ ወንዳፍራሽ።

«በሱ የምጨርሰው ነገር አለኝ።»

ሌንሱን በሻርፗ ጠቅልላ ወደ ለሊሴ አያት፣ ወደ ኦቦ ደቻሳ ቤት ወረደች። ማሳው ላይ ዘንድሮ ባቄላ የለም። ጫፋቸው ቀይ የተቀባ ችካሎች ተተክለውበታል። ኦቦ ደቻሳ ጀርባቸውን ለማሳው ሰጥተው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«አካም ጅርቱ፣ አካኮ?» አለች፤ እንዴት ነዎት አያቴ ማለቷ ነው።

«ነጋ፣ ደህና ነኝ ልጄ። ግቢ፣ ግቢ።»

የንቧ ፎቶ በፍሬም ሆና ግድግዳው ላይ ተሰቅላለች። ከሥሯ «ያነሳችው፦ ለሊሴ አለሙ» ይላል።

«ይኼን ፎቶ ማን ነው ያነሳው፣ አካኮ?»

ሽማግሌው ገርሟቸው አዩዋት። «አንቺ ነሻ። በደረትሽ ተኝተሽ ስትጨቀዪ የሳቅሁብሽ እኔ፣ ውሃ ያጠጣሁሽ እኔ። ረሳሽው?»

«ለሊሴስ ካሜራ አልያዘችም ነበር?»

«ከየት አምጥታ?»

ሦስት ዓመት ሙሉ እሳቸውን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

«ስምሽም እኮ ተጽፏል» አሉ ጽሑፉን በጣታቸው እየዳሰሱ። ኦቦ ደቻሳ ፊደል አልቆጠሩም። «ለሊሴን አንብቢልኝ ብያት ‹ዕድላዊት ታመነ› ብላ አንብባልኛለች። እንግዲህ ማሳው ሄደ፤ ይህች ቀረችልን። እግዜር ይስጥሽ።»

ዕድላዊት ጽሑፉን ደግማ አነበበችው። ለሊሴ ማንበብ ለማይችሉት አንድ ሰው እውነቱን አነበበች፤ ማንበብ ለሚችለው ሁሉ ዋሸች። ቀና ስትል ለሊሴ በሩን ተደግፋ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። በዓይኗ ትለምናለች።

ዕድላዊት አፏን ከፈተች። የሽማግሌው ጣት አሁንም ስሙ ላይ ነው።

«ጽሑፉ ደብዝዟል፣ አካኮ» አለች። «እንደ አዲስ ይጻፍ?»

«ይጻፍ እንጂ።»

ፍሬሙን አወረደች፤ የጀርባውን ሚስማር ነቅላ ጽሑፉን አወጣችና ገልብጣ በባዶው በኩል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከቦርሳዋ ፓርከር አውጥታ ለለሊሴ ዘረጋችላት።

«አንቺ ጻፊው። ጽሑፍሽ ያምራል።»

ለሊሴ ፓርከሩን ተቀበለች። ከዚያ አጎንብሳ ጻፈች።

«አንብቢልኝ» አሉ አያቷ።

«ያነሳችው፦ ዕድላዊት ታመነ» አለች ለሊሴ። ድምፅዋ መሐል ላይ ተቆረጠ።

«በፊትም እንደዚያ ነበር» አሉ ሽማግሌው ረክተው።

ዕድላዊት ፍሬሙን መልሳ ሰቀለች፤ እንዳይጋደል በእጇ አቃናችው። ስትወጣ ለሊሴ እንደ ሁልጊዜው ልትሸኛት ተከተለቻት።

«ትምህርት ቤት ሲከፈት ውድድሩን ላዘጋጁት ለመምህር ቲቶም እንደዚሁ ታነቢላቸዋለሽ» አለቻት ዕድላዊት፣ ሽማግሌው እንዳይሰሙ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ካላነበብሽ ሌንሱ እኔ ጋ ነው።»

«ዕድል፣ እስከ አስፋልቱ ልሸኝሽ።»

«መንገዱን አውቀዋለሁ» አለችና ሌንሱን ወደ ደረቷ አጥብቃ፣ ችካሎቹን እያለፈች ብቻዋን ወጣች።