የቀኙ ጓንት

መልአኩ በሞተ በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ፖሊስ ፋናዬን ወደምትሠራበት ምግብ ቤት ወጥ ቤት ጠራት። ከዞተርሜር በባቡር፣ ከዚያም በትራም ምግብ ቤቱ ያለበት ስኪልደርስዋይክ ሰፈር እስክትደርስ ድረስ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ነበር። ውስጡ ማንም እንዲያየው የማትፈልገው ነገር ነበረ፤ የግራው ጓንት።

መልአኩ የምግብ ቤቱ ባለቤትና ዋና አብሳይ ነበር። ረቡዕ ረፋድ ላይ ሳምቡሳ የሚጠበስበትን ትልቅ ድስት፣ የጋለ ዘይት እንደሞላ፣ ከምድጃው ሲያነሳ ድስቱ አመለጠው። ዘይቱ ደረቱ ላይ ፈሰሰ፤ እሳቱም ተከተለ። ፋናዬ ከጓዳ ሮጣ ወጥታ በብርድ ልብስ ብትሸፍነውም፣ በማግስቱ ሆስፒታል ውስጥ አረፈ። የድስት ማንሻ ጓንቶቹን ከሳምንት በፊት መርጣ የገዛችው እሷ ነበረች።

የመኖሪያ ፈቃዷ ገና አልተወሰነም። በእሷ ጥፋት ሰው ሞተ ከተባለ ማን ይሰማታል? በዚያ ግርግር መሃል ከእጁ የወለቀውን የግራ ጓንት አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ይጠቅመኛል ብላ አልነበረም፤ ፈርታ ነው።

ወጥ ቤቱ ውስጥ አንድ ሆላንዳዊ ኢንስፔክተር ቆሟል። አጠገቡ አስተርጓሚዋ ወይዘሮ ብዙወርቅ ተቀምጠዋል። ሴትዮዋ አዲስ አበባ ሳሉ የወንጀል መርማሪ እንደነበሩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ኢንስፔክተሩም ስለሚያውቅ፣ እሳቸው ሲጠይቁ ዝም ብሎ ይጽፋል።

ሁለተኛው አብሳይ አሳምነው ቃሉን እየሰጠ ነበር። በየጠዋቱ ስኬቨኒንገን ወደብ የዓሣ መረብ ይጠግናል፤ ወደ ምግብ ቤቱ የሚመጣው ከሰዓት ነው።

«ረቡዕ የደረስኩት አምቡላንሱ ከሄደ በኋላ ነው» አለ። «ሆስፒታልም አላስገቡኝም። ግን ነገሩ ግልጽ ነው። ልጅቷ ርካሽ ናይለን ገዝታ መጣች፤ እጁ ላይ ቀለጠበት።»

ፋናዬ ቦርሳዋን ይበልጥ አቀፈች። ወይዘሮ ብዙወርቅ ግን ቀና ብለው እንኳን አላዩትም። «አመሰግናለሁ፣ አቶ አሳምነው። ውጭ ይጠብቁን» አሉት። ሲወጣ ወደ ፋናዬ ዞሩ።

«ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ። ጓንቱን እንዴት መረጥሽ?»

«ገበያው ላይ ሦስት ዓይነት ነበረ» አለች። «አንዱ ስስ ጨርቅ፣ አንዱ የሚያብለጨልጭ፣ አንዱ ወፍራም። አገር ቤት ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠርቻለሁ። ከወፍራሙ ሙሌት ትንሽ ስቤ ሻጩ በላይተሩ ለኮሰልኝ። እንደ ተቃጠለ ጠጉር ሸተተ፣ አመዱም ተፈረፈረ። ሱፍ ነው ማለት ነው። ናይለን ቢሆን ይቀልጥ ነበር። ጋሽ መልአኩ ከባድ ድስት ነው የሚያነሱት፤ ናይለን አልገዛላቸውም።»

ወይዘሮ ብዙወርቅ በላስቲክ የታሸገውን የቀኝ ጓንት ፊቷ አስቀመጡ። መዳፉ ውስጥ ያለው ሙሌት ቀልጦ፣ እንደ ጠርሙስ ደርቆ ጠቁሯል።

«ይኼ ግን ቀልጧል።»

«እኔ የገዛሁት እንደዚህ አይሆንም» አለች ፋናዬ።

«ጥንዱ ቢኖር ይታወቅ ነበር። የት እንደገባ ታውቂያለሽ?»

ሴትዮዋ አልተቆጧትም። ፋናዬ ከቦርሳዋ ጓንቱን ስታወጣ ወለሉ ላይ ወደቀባት። «ወደ አገሬ ይመልሱኛል ብዬ ነው» አለች።

ወይዘሮ ብዙወርቅ ጓንቱን አንስተው ስፌቱን ትንሽ ፈቱ፤ አንድ ቁንጣሪ አውጥተው በክብሪት ለኮሱ። የተቃጠለ ጠጉር ሽታ ወጥ ቤቱን ሞላው።

«ይህን ጓንት ቀድመሽ ብታመጪው ኖሮ እነዚህን ሌሊቶች ተኝተሽ ታድሪ ነበር» አሉ።

ከዚያ የቀኙን ጓንት የእጅ አንጓ ስፌት አጉልቶ በሚያሳይ መስታወት ለረጅም ጊዜ አዩ። በዚያ በኩል እሳት አልነካውም። በማግስቱም ሦስቱን፣ ፋናዬን፣ አሳምነውንና የመልአኩን ባለቤት ወርቅዬን፣ እዚያው ሰበሰቧቸው። ፋናዬ በሩ አጠገብ ቆመች። እንደገና ወደ እኔ ቢዞሩስ እያለች ታስባለች።

«ጓንቶቹ ሲገዙ ሁለቱም ሱፍ ነበሩ» ብለው ጀመሩ። «ሻጩንም ጠይቄዋለሁ፤ ላይተሩን ያስለኮሰችውን ልጅ አልረሳትም። ስለዚህ አንድ ሰው የቀኙን ተርትሮ ሱፉን አወጣ፤ በምትኩ የትራስ ናይለን ሞልቶ መልሶ ሰፋው። ሲነኩት ያው ወፍራም ነው። የጋለ ብረት ሲይዝ ግን ይቀልጣል፤ ከእጅ ጋር ይጣበቃል። የሰፋው ማን ነው? ክሩ መደርደሪያው ላይ ካለው የወይዘሮ ወርቅዬ ሳጥን የተወሰደ ነው።»

ወርቅዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ባሌን እኔ?»

«አይደሉም። የሰፏቸውን ልብሶች አይቻለሁ። እርስዎ ክር ሲጨርሱ ደራርበው ይመልሱታል እንጂ አይቋጥሩም። ይኼ ግን ተቋጥሯል። ቋጠሮውን ትናንት ስኬቨኒንገን ወስጄ አንድ ሽማግሌ አሳየሁት። ‹የመረብ ጠጋኝ ቋጠሮ ነው› አለኝ፤ ሳልጠይቀውም ቋጥሮ አሳየኝ።»

«ወደብ ላይ መቶ ሰው መረብ ይጠግናል» አለ አሳምነው።

«ከእነሱ ውስጥ የዚህ ቤት ቁልፍ ያለው ግን አንድ ነው። ደግሞ ጓንቱ የታሸገው እርስዎ ከመድረስዎ በፊት ነው። ናይለን መሆኑን ፖሊስ ለማንም አልተናገረም። ልጅቷ እንኳን ሱፍ ነው ብላ ነው የምታውቀው። እንደቀለጠ እርስዎ ከማን ሰሙ?»

ወይዘሮ ብዙወርቅ አንድ የታጠፈ ደብዳቤ ከፈቱ።

«በሟቹ ኮት ኪስ ውስጥ የተገኘ ነው። ሮተርዳም ያለች አንዲት ሴት፣ ሱዳን ላይ የጠፋባትን ወንድሟን ስታፈላልግ የበተነችው ነው። የወንድሟ ስም፣ የአባቱ፣ የአያቱ፣ የትውልድ ቀኑ፣ ሁሉም በእርስዎ የመኖሪያ ፈቃድ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው።»

«‹ቅዳሜ ሮተርዳም ሄጄ ለአንዲት እህት መርዶ አደርሳለሁ› ብሎኝ ነበር» አለች ወርቅዬ ቀስ ብላ። «ሱዳን፣ ገዳሪፍ የስደተኞች ካምፕ በእጁ የቀበረው ልጅ ነው አለኝ። ማን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።»

ሰውዬው ወንበር ላይ ተቀመጠ። «ወረቀቱን ከሞተው ሰው ኪስ ነው የወሰድኩት» አለ። «መልአኩ ‹ራስህ ተናገር፣ እስከ ቅዳሜ ጊዜ ሰጥቼሃለሁ› አለኝ። እጁ ቢቃጠል ሆስፒታል ይተኛል፣ ቅዳሜ ያልፋል ብዬ ነው። ዘይቱን አላሰብኩትም።»

ኢንስፔክተሩ ብዕሩን አንስቶ እውነተኛ ስሙን ጠየቀ። ወይዘሮ ብዙወርቅ ተረጎሙለት።

«ሽባባው» አለ ሰውዬው። ለስድስት ዓመት ያልጠራው ስሙ ስለነበር፣ ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳይነጋ ወርቅዬና ፋናዬ ጥቁር ለብሰው ሮተርዳም ደረሱ። ፋናዬ አሁንም ፈርታለች፤ ይህኛው ፍርሃት ግን የሚያስሸሽ አልነበረም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደወሉን ተጫነች። በሩ ተከፈተ፤ ደብዳቤውን የበተነችው ሴት ልብሳቸውን አየች፣ ሰዓቱንም አሰበች፤ ማንም ከመናገሩ በፊት መቃኑን ያዘች።

«አሳምነው ነው?» አለች።

«ባሌ ነው የቀበረው» አለቻት ወርቅዬ። «ብቻውን አልተቀበረም።»