ክንፍ ያወጣችበት ምክንያት

መጀመሪያ የተያዩት ወለል ላይ ተንበርክከው ነው።

ሰውየውን የተባይ ምርምር ክፍሉ ሰዎች «ወረንጦ» ይሉታል፤ በቅጥነቱም፣ እንከን እየለቀመ በማውጣቱም። ከስንዴ ፍሬ ያነሰች፣ የሩዝ ጭማቂ መጥጣ የምታድር ዘላይ ነፍሳትን ዝርያ በመለየት የሚስተካከለው ከፀሐይ በታች አልተፈጠረም፤ ተፈጥሮም ከሆነ ተደብቋል። ያን ቀን አዲሷ ነፍሳት አርቢ በሩን ስትከፍት ንፋሱ ነፍሳቷን ከእጁ ነጥቆ ወሰዳት። ሁለቱም ሊፈልጓት ወለሉ ላይ ተንበረከኩ።

«እንዳትነቃነቂ... ፀጉርሽ ላይ ናት።»

«ሴት የምትተዋወቀው እንዲህ እያልክ ነው?»

ነፍሳቷን ሊይዝ እጁን ዘርግቶ ፀጉሯን ጨበጠ። ተራራ ቢናድ ዒላማውን የማይስት እጅ!

ከዚያ ወዲያ እሷ ነፍሳቱን በመረብ ሳጥን፣ ሩዝ ችግኝ ላይ ታራባለች፤ እሱ በማይክሮስኮፕ ይለያል። «ዓለሜ» ይላታል። ፍቅራቸውን ያላወቀ የግቢው ዘበኛ ውሻ ብቻ ነበር፤ እሱም ጠርጥሯል።

አንድ ቀን ከአንድ ማሳ ባለአጭር ክንፍና ባለረጅም ክንፍ ነፍሳት ይዛ መጣች። «አንድ ዝርያ ይመስሉኛል» አለች፣ የክፍሉ ኃላፊና ባልደረቦቹ ባሉበት።

ወረንጦ ሳቀ። «እህቴ፣ በግና ፍየልም አንድ ሜዳ ላይ ይግጣሉ። ይሄ ዓይን ይጠይቃል።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን «እህቴ» የምትለዋን ቃል እንደ እሾህ ዋጠቻት።

ወደ ሌላ ጣቢያ ዝውውር መጠየቋን የሰማው ከሰው ነው። ‹ሌላ አግኝታ ነው› አለ በሆዱ፤ አልጠየቃትም። እሷም አላስረዳችውም። ከባለአጭር ክንፏ እናት የተፈለፈሉትን ልጆች ከነሳጥናቸው አስረከበችውና «ችግኙን ውሃ አጠጣልኝ» ብላ እስክትዛወር ድረስ ፈቃድ ወጣች።

አላጠጣም። እህል ሲቀርብለት ሳህኑን ይገፋል፤ ወንበሯን ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ‹በቃ፣ አለቀልኝ› ይላል፣ እስኪቀብሩት እንደሚጠብቅ ሰው። ችግኙ ቢጫ ሆነ፤ ደረቀ።

የመሄጃዋ ዕለት ጠዋት ሳጥኑን ሊመልስላት ብድግ ሲያደርግ ዓይኑ ፈጠጠ። የባለአጭር ክንፏ ልጆች በሙሉ ረጅም ክንፍ አውጥተዋል! ጠግበው ቢያድጉ ኖሮ ክንፋቸው እንደ እናታቸው አጭር በሆነ ነበር። ችግኙ ሲደርቅባቸው ግን መሄጃ አበቀሉ።

ሳጥኑን አቅፎ በነጭ ጋወኑ ደረጃውን ወረደ። እሷ የተቀመጠችበት የመሥሪያ ቤቱ መኪና ሞተሩ ተነስቷል፤ ኃላፊውና ባልደረቦቹ ሊሸኟት ቆመዋል።

«ተሳስቻለሁ» አለ፣ ያን ቀን የሳቁት ሁሉ እየሰሙ። «አንድ ዝርያ ናቸው። ችግኙን አደረቅሁባቸውና ክንፍ አወጡ።»

«ለምን አደረቅከው?»

«አንቺ ከክፍሉ ከወጣሽ ወዲህ... ውሃ መኖሩንም ረሳሁ።»

ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

«ሌላ ያገኘሽ መስሎኝ ነበር፣ ዓለሜ።»

«ሞኝ። እኔ እኮ ‹እህቴ› ያልከኝ ቀን እዚሁ ነው ችግኙ የደረቀብኝ።»

«ትቀሪያለሽ?»

መረቡን በጣቷ ነካች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «አንዴ የወጣ ክንፍ ተመልሶ አያጥርም። ይህን ከማንም በላይ ታውቃለህ። እሄዳለሁ።»

መኪናው እንዳይሄድ የሚያግደው ይመስል በሩን በአንድ እጁ ያዘ።

«እኔስ?» አለ፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ።

«አንተ ችግኝ ነህ እንዴ? እግር አለህ አይደል?»

ወረንጦ ኃላፊውን አየ። ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋወኑን ግን አውልቅ። የመሥሪያ ቤቱ ነው።»

አውልቆ ሰጠውና ሳጥኑን መልሶ አቅፎ አጠገቧ ገባ። መኪናው ከግቢው ሲወጣ ኮዳዋን ከፈተችና የደረቀው ችግኝ ሥር ላይ ውሃ አንጠባጠበች።

«ሞቷል እኮ» አላት።

«ሥሩን ቆፍረህ አየኸው?»

አላየውም ነበር። ኮዳውን ተቀበላትና እሱ ራሱ ማጠጣቱን ቀጠለ።