ማንም ሳይጫነው የተከፈተ ምዕራፍ

ወንድማችሁ ድንበር ተሻግሮ ጠፋ ብትባሉ ማን አየው ብላችሁ ትጠይቃላችሁ፣ ወይስ አፋችሁን ዘግታችሁ ትቀመጣላችሁ?

የኮሎኔሉ ሚስት ሁለት ዓመት ማን አየው ሳትል ተቀመጠች። ወንድሜ የት ገባ ባለች ቁጥር ባሏ «ኮብልሏል» ይላታል። አገር ምድሩም አሜን ብሎ ተቀበለ። ፈሪ ሕዝብ ለውሸታም ሹም ትራስ ነው።

የውሸቱ ማስረጃ ግን «መርፌ» በምትባለው ሰላይ ቦርሳ ውስጥ፣ በዲስክ ላይ አለ።

የአውቶቡስ ሰልፉ ረጅም ነው። ከኋላዋ የቆመው ሽማግሌ ጋዜጣውን አጠፈ። የስለላ አለቃዋ ነው፤ የምስጢር ስሙ «ሚዛን»። ስድስት ወር የቪዲዮ ቤት ሠራተኛ መስላ የኖረችው እሱ ልኳት ነው።

ዲስኩ ጋዜጣው እጥፋት ውስጥ ገባ።

«ሌላ ቅጂ?»

«የለም።»

«ጎበዝ። ለኮሎኔሉ ልደት የምትሠሪው ቪዲዮ ሦስት ምዕራፍ ብቻ ነው አይደል?»

«አዎ።»

ቦርሳዋን ዘጋች።

በሪፖርቷ የጻፈችለት አራት ብላ ነበር፤ ልጅነት፣ ሠርግ፣ ልጆች፣ እርሻ። ዛሬ ጠዋት «እርሻው ይውጣ» ብሎ የደወለው ኮሎኔሉ ራሱ ነው። ወዲያውም ወታደር ልኮ ካሴቶቹን አስለቀመ። እርሻው መውጣቱን ከእሷና ከኮሎኔሉ ሌላ የሚያውቅ የለም።

ሚዛን ለኮሎኔሉ ሸጧታል።

ቪዲዮ ቤት ገብታ ኮምፒውተሩን ከፈተች። የለም ያለችው ቅጂ እዚያ አለ። ሚስትየዋ ለባሏ ስድሳኛ ልደት ብላ፣ ሳታያቸው ከሳጥን አራግፋ ካመጣቻቸው ካሴቶች የአንዱ ቅጂ ነው። ልጃቸው እርሻው ላይ ጥጃ ይቀርጻል። ከጥጃዋ ኋላ፣ ራቅ ብሎ፣ የሚስትየዋ ወንድም እጁ የኋሊት ታስሮ ተንበርክኳል። ኮሎኔሉ ሽጉጥ ይዞ ቆሟል። ተኩስ። ጥጃዋ ደነበረች። በምስሉ ጥግ የተጻፈው ቀን ሰውየው ኮበለለ ከተባለበት ቀን በሦስት ሳምንት ይዘገያል።

የልደቱን ዲስክ ማውጫ፣ ሲከፈት የሚመጣውን የምዕራፎች ገጽ፣ እንደገና ሠራችው። ሦስት ፎቶ፣ ከሥራቸው ርዕስ፣ ለስለስ ያለ ሙዚቃ። ከዚያ አንዲት ትእዛዝ ጨመረች፤ ሦስት ደቂቃ ማንም ምንም ካልተጫነ እርሻው በራሱ ይጀምር። ፈታሽ ቶሎ ቶሎ ይጫናል። ባለድግስ ግን እንግዳው ቦታ ቦታውን እስኪይዝ ማውጫውን ከፍቶ ይተወዋል። በየድግሱ ስክሪን ስትተክል ያየችው ይህንኑ ነው።

የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ከኋላዋ ቆመው ሁሉንም አይተዋል።

«ጋሼ፣ ዲስኩ ላይ የቤቱ ስም አለ። ዛሬውኑ ከከተማ ይውጡ።»

«ሠላሳ ዓመት የሰው ሠርግ ስቆርጥ ስቀጥል ኖርኩ» አሉ። «ሰክሮ የወደቀ ሚዜ ሁሉ ውለታዬ አለበት። እስቲ አንዱን እንኳ ሳልቆርጥ ልስጥ።»

በሩን ቆለፉ። ቁልፉን በበሩ ሥር ወደ ውስጥ ገፉት። ዞረውም አላዩ።

በልደቱ ዕለት ኮሎኔሉ ቤት አጃቢው ዲስኩን ሊፈትሽ ሪሞቱን ተቀበላት። ልጅነትን ተጫነ። ሠርግን። ልጆችን። ወደ ማውጫው ተመለሰ።

«ሙዚቃው ደስ ይላል» አለና ወንበር ሳበ።

አንድ ደቂቃ።

ሁለት።

አጠፋው።

እንግዶች መግባት ሲጀምሩ ኮሎኔሉ ማውጫው እንዲከፈት አዘዘ። ሚዛን ከጎኑ ተቀመጠ። መርፌን አያት። በዐይኑ ለበር ጠባቂው ጠቆመ።

መርፌ ገመድ ጠቅልላ፣ ባዶ ጠርሙስ ከሚያወጡት ሴቶች ጋር ተሰልፋ በጓሮ በር ወጣች። ነገ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ስም። የላካት መሥሪያ ቤት አላውቃትም ይላል፤ ጋሼንም ዳግመኛ አታገኛቸውም።

ከኋላዋ ከስክሪኑ የጥጃ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ተኩስ።

ኮሎኔሉ ጓዳ ገብተን እንነጋገር ሲል፣ በተከፈተው መስኮት የሚስቱ ድምፅ ወጣ፤ አልጮኸችም።

«ጓዳ አልገባም። ሁለት ዓመት ጓዳ ውስጥ ዋሸኸኝ። እንግዶችህ ይቀመጡ፣ ልጆችህም ይስሙ። ወንድሜን ማን ገደለው? እዚሁ፣ በሰው ፊት መልስ።»