ሁለተኛው ቁጥር

አቶ ሷሊሕ ከቤታቸው ደረጃ ሥር ተደፍተው የተገኙት በኅዳር 2010 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ነበር። ሐኪሙ የሞቱት ሰኞ ረፋድ ላይ እንደሆነ ገመተ። «ግን ወዲያው አይደለም፤ ከወደቁ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተዋል» አለ።

ኢንስፔክተር ባንቺአየሁ ጎንደር ከፒያሳ ጀርባ ያለውን የሟችን ቤት ስትፈትሽ፣ ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ባለው ተራ ስልክ ላይ አረፈ። በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ አንድም ሰው አልደወለም። የገቡት ሁለት መልእክቶች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም የሰኞ ጠዋት፣ ሁለቱም ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥሮች። የሦስት ሰዓት ከሃያው አልተከፈተም፤ የአራት ሰዓት ከአምስቱ ተከፍቷል። እሷም ብቻዋን የምትኖር ነችና ስልኩን ቶሎ ማስቀመጥ አቃታት።

አስከሬኑን ያገኘችው የሟች ወንድም ልጅ፣ የባንክ ሠራተኛዋ ፈትሂያ ናት።

«ይህ ቁጥር ምንድን ነው?»

«የኢሜይላቸው ሁለተኛ ቁልፍ ነው። አምና አንድ ሰው ኢሜይላቸው ውስጥ ገብቶ በስማቸው ደብዳቤ ስለጻፈ እኔ አበጀሁላቸው። በሌላ ኮምፒውተር የሚገባ ሰው የይለፍ ቃሉን ቢያውቅ እንኳ፣ ወደ ስልካቸው የሚላከው ቁጥር ከሌለው አይከፈትለትም።»

«በራሳቸው ኮምፒውተርስ?»

«እሱ አይጠይቅም።»

«ከቤት ይወጡ ነበር?»

«ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ አልወጡም። እኔም ከመጣሁ አሥራ አንድ ቀን ሆኖኝ ነበር» አለችና ማልቀስ ጀመረች።

መምህር አስማረ፣ አቶ ሷሊሕ ሃያ ዓመት የለፉበትን የጎንደር ነጋዴዎች ታሪክ በኮምፒውተራቸው የሚጽፍላቸውና ኢሜይላቸውንም የሚልክላቸው ሰው፣ ረጋ ብሎ መለሰ።

«ሰኞ አራት ሰዓት ከአሥር ላይ ለአሳታሚው ኢሜይል ልከዋል። ግልባጩ ደርሶኛል። ‹ደክሞኛል፣ መጽሐፉ በአስማረ ስም ይውጣ› ይላል። ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ ማለት ነው። እኔ ከአምስት ሰዓት እስከ ማታ ሳስተምር ነው የዋልኩት።»

ሐሙስ ሁሉም በሟች ቤት ተሰበሰቡ። የፈትሂያ አባት አቶ ኡዘይርም ከሚኖሩበት ከሳንጃ መጥተዋል።

«ምነው ኢንስፔክተር፣ ወንድሜ ወድቆ አይደል የሞተ?»

«ተገፍተው ነው» አለች ባንቺአየሁ። «ኢሜይሉ የተላከው ከዚህ ቤት ቢሆን ኖሮ ቁጥር ባልተጠየቀ። እሳቸው ደግሞ ከቤት አይወጡም። ስለዚህ የጻፈው ሌላ ሰው ነው፤ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ።»

«እኔ ኢሜይል የሚባለውንም አላውቅ» አሉ አቶ ኡዘይር።

«ያን ቀን ሳንጃ እንደነበሩ አረጋግጫለሁ። ፈትሂያ ብትሆን፣ ቁልፉን ያበጀችው እሷ ናትና ገና ከመጀመሪያው ስልኩን ይዛ በሄደች። ይህ ሰው ግን ሁለተኛ ቁልፍ መኖሩን አያውቅም ነበር። የመጀመሪያው ቁጥር ሲላክ ስልኩ እዚህ ነበር፤ ማንም አልከፈተውም። ስለዚህ ስልኩን ሊወስድ ተመለሰ፤ ሁለተኛውን ቁጥር ከፈተ። አስማረ፣ ፒያሳ ያለው ኢንተርኔት ቤት ባለቤት ሰኞ ጠዋት ሁለቴ እንደገባህ ነግራኛለች።»

አስማረ አንገቱን ደፋ።

«ስሜ እንዲጨመር ለመንኳቸው፤ እንቢ አሉኝ። በንዴት ገፋኋቸውና ደንግጬ ሸሸሁ።»

«ስልኩን ልትወስድ ስትመለስ በሕይወት ነበሩ?»

አስማረ ወደ ደረጃው አየ።

«ውሃ ስጠኝ አሉኝ። አልፌያቸው ሄድኩ። ስልኩን ልመልስ ስመጣ ግን... ምንም አላሉኝም።»

ባንቺአየሁ አስማረን ይዛ ወጣች። አቶ ኡዘይር ልጃቸውን «ተነሽ እንሂድ» አሏት። ፈትሂያ ግን አጎቷ የወደቁበት ደረጃ ሥር እንደተቀመጠች ቀረች።