ነፋሱን ሊቀንስ የመጣው ሰው

መጀመሪያ ያየሁት በክፍሌ መስኮት ነው። አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ሊለጥፍ ምንም አልቀረውም። ሳየው ዞር አለ።

ያን ሰሞን አራተኛ ክፍሎችን ስለ አውሎ ነፋስ አስተምር ነበር። ተማሪዎቼ ከካርቶን ቤት ይሠራሉ፤ ውሃ የሞላ ሳፋ ዳር እናቆመውና ቬንትሌተር እንለቅበታለን። ያልፈረሰ ያሸንፋል!

ሰውዬው የአንዷ ተማሪዬ አባት፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ልጁን ሊወስድ ሲመጣ ጥያቄ አያጣም።

«ቲቸር፣ ቤቶቹ የሚፈተኑት መቼ ነው?»

«ዓርብ። ምነው ጠየቁኝ?»

«እንዲያው ነው... ቬንትሌተሩ ኃይለኛ ነው?»

ዓይኖቹ ያምራሉ። ልቤ ግን «ይሄ ሰውዬ የሆነ ነገር አለው» ይለኛል።

ዓርብ ጠዋት ክፍሌ ስገባ... እሱ! ዘበኛውን ምን ብሎ እንዳታለለው እንጃ፣ ካቻቢቴ ይዞ ቬንትሌተሬን ፈታትቶታል።

«ምን እያደረግህ ነው?» አንቱታው ከአፌ ጠፋ።

«ቀስ ብሎ እንዲዞር ብዬ ነው...»

«ልጅህ እንድታሸንፍ? አታፍርም!»

የልጆች ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

«እናቷን የወሰደብን አውሎ ነፋስ ነው። ቤታችን ላያቸው ላይ ተደረመሰ፤ ልጄን ብቻ በሕይወት አወጣኋት። ዛሬ ዓይኗ እያየ ቤቷ ድጋሚ እንዳይፈርስ ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ከልጄም ጋር አውርተነው አናውቅም።»

ቬንትሌተሩን እንደነበረ አስገጠምኩት። ተራዋ ሲደርስ ልጅቷን ጠጋ ብዬ «ካልፈለግሽ ይቅር» አልኳት።

«ቲቸር፣ እስከ መጨረሻ ክፈቺው።»

ጣሪያው በረረ። ግድግዳው ተገነደሰ። አባትየው በሩ ላይ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ቀረ። እሷ ግን ፍርስራሹን ገለጥ አደረገችና ከወለሉ ሥር የሠራችውን ጠባብ ክፍል አሳየችን። ውስጡ ሦስት የወረቀት ሰዎች ምንም ሳይሆኑ ተቀምጠዋል።

«መሸሸጊያ ሠራሁልን» አለች። «ለአባዬ፣ ለእማዬ፣ ለእኔ።»

ሮጦ አቀፋት። ለመጀመሪያ ጊዜ ለእናቷ አብረው አለቀሱላት።

ከዚያ በኋላ እኔን ሊያይ መምጣት ጀመረ። እኔም ወደድኩት፤ ጥርጣሬዬ ግን አለቀቀኝም። አንድ ቀን ፊት ለፊት ጠየቅኩት።

«እውነቱን ንገረኝ። የምትፈልገው ለልጅህ እናት ነው፣ አይደል?»

«ልጄ እናት አላት» አለ። «ብቻውን የቀረው እኔ ነኝ።»

በዓመቱ ተጋባን። ልጅቷ እስከ ዛሬ «ቲቸር» ነው የምትለኝ። እኔንም ሌላ ስም አያምረኝም።