ለከድጁ ጉልበት የታሰበው መታጠቢያ ቤት

የቡና ነጋዴው አባቢያ የሞተው አዲሱ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ነው። ሐሙስ አመሻሽ ላይ ሚስቱ ከድጁ ከጎረቤት ስትመለስ ውሃው ይፈሳል፤ በሩ ከውስጥ ተቆልፏል፤ ብትጠራው አይመልስም። ታናሽ ወንድሟ ናስር ጩኸቷን ሰምቶ ከጓሮ መጣ። ቆጣሪው ጋ ሄዶ መብራቱን አጠፋና በሩን በትከሻው ሰበረው። አባቢያ ሴራሚኩ ላይ ተዘርሮ ነበር። ቀኝ መዳፉ ጠቁሯል።

በማግስቱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ፍሬአብ ታሰረ። ግራውንድ የሚሉት፣ ኮረንቲ ሲያፈተልክ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ፣ ከውሃ ማሞቂያው ላይ አልተገኘም። ናስር ለፖሊስ እንዳስረዳው ፍሬአብ የሽቦውን ዋጋ ተቀብሎ ሽቦውን ሳያስገባ ቀርቷል።

የፍሬአብ እናት አሰጋሽ ይህን ስትሰማ ደጇ ላይ ቁጭ አለች። ያላት ልጅ እሱ ብቻ ነው። ከእስር ቢወጣስ፣ ሰው ገደለ የተባለውን እጅ ማን ቤቱ ያስገባል? የሟች ዘመዶችስ ዝም ይላሉ? መጥፎ መጥፎውን ሁሉ አስባ ስትጨርስ ተነሥታ ወደ ጣቢያ ሄደች።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ከውሰር ቀጭን፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ናት።

«ልጄ ዝርክርክ ነው» አለቻት አሰጋሽ። «ሸሚዙን እንኳ ገልብጦ ለብሶ ይወጣል። ግራውንድ ሳያስገባ ግን ማሞቂያ አይሰቅልም። አባቱን ኮረንቲ ይዞት ሲሞት አጠገቡ ነበር።»

«ፍርድ ቤት ይህን አይቀበልም፣ እማማ።»

«አንቺስ?»

ከውሰር ከወንበሯ ተነሣች። ባጃጅ ይዛ ወደ አባቢያ ቤት ወጣች።

መታጠቢያ ቤቱ የተሠራው ለከድጁ ጉልበት ተብሎ ነው። በሚዛን ከተማ ዝናብ ጭቃውን እየረገጠች ጓሮ ወዳለው መታጠቢያ መውጣት ከብዷት ነበር። አባቢያ ለሥራው በጀት ሲመድብ ገንዘቡን ናስር ይያዘው ብላ የለመነችው እሷ ናት። ናስርን እናታቸው ከሞተች ጀምሮ በጀርባዋ አዝላ አሳድጋዋለች። አሁን በባሏ የቡና መፈልፈያ ሞተሮቹን የሚጠግነው እሱ ነው።

ሴራሚኩን የለጠፈው ይትባረክ ማሞቂያውን ፈትቶ ለከውሰር አሳያት። ከግድግዳው ቀዳዳ የአረንጓዴው የግራውንድ ሽቦ ጉማጅ ብቅ ብሏል። የላስቲክ ልባሱ ላይ ሲሚንቶ ደርቋል፤ የተቆረጠው ጫፉ ግን ያብረቀርቃል። ማሞቂያው ውስጥ ደግሞ ኮረንቲ የሚያመጣው ቀዩ ሽቦ ተልጦ የማሞቂያውን ብረት እንዲነካ ታጥፏል።

ከውሰር ሟች ሰሞኑን ከሰው ተጋጭቶ እንደሆነ ጠየቀችው። ይትባረክ አንገቱን አከከ። ረቡዕ አባቢያ ሴራሚክ መሸጫው ጋ ዋጋ ጠይቆ ነበር። በጀቱ ላይ አንደኛ ደረጃ ተብሎ የተያዘው ሴራሚክ ርካሹ ሆኖ ተገኘ። ሌላውም ዕቃ እንደዚያው፤ ልዩነቱ ናስር ኪስ ቀርቷል። አባቢያ ናስር ፊት ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቅዳሜ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ናስርም ከመፈልፈያው ይወጣል።

ከውሰር ከድጁን ፍራሽ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ዓይኗ አብጧል። ከድጁ ጥፋቱ የራሷ እንደሆነ ነገረቻት። ሐሙስ ከሰዓት ናስር ደውሎ የመታጠቢያ ቤቱ ሲሚንቶ ተሰንጥቋል፣ እስኪጠገን እንዳትገቢ ብሏት ነበር። አባቢያ ግን ገባ።

«ለእሳቸውስ ነግረዋቸዋል?» አለች ከውሰር።

«እኔ እነግረዋለሁ አለኝ ናስር። ወንድሜ እኮ ለእኔ ያስባል።»

ከውሰር ወዲያው አልተነሣችም። የሴትዮዋን እጅ ይዛ ትንሽ ቆየች። ይትባረክን ስትጠይቀው የተሰነጠቀ ሲሚንቶ የለም፤ ጠግን ያለውም የለም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። ፍሬአብ እጁ በካቴና ታስሮ ገባ። አሰጋሽ በሩ ጥግ ቆመች።

«ፍሬአብ ሽቦውን አስገብቷል» አለች ከውሰር። «ይትባረክ ሴራሚኩን ሲለጥፍ ሲሚንቶው ልባሱ ላይ ፈስሷል። ጫፉ ግን ንጹሕ ነው፤ የተቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ፍሬአብ ማሞቂያውን ሰቅሎ ለሥራ ወደ ማሻ ከተማ ሄደ፤ እስኪታሰርም እዚያው ነበር። እሱ ከሄደ በኋላ ባልና ሚስቱ ታጥበውበታል። ቀዩ ሽቦ ያኔ ብረቱን ነክቶ ቢሆን አንዳቸውም አይተርፉም። ግራውንዱ ደግሞ ቢኖር ኮረንቲው ወደ መሬት ወርዶ መብራቱ በራሱ ይጠፋ ነበር። አንድ ሰው ሁለቱንም አውቆ ነው ያደረገው።»

«ቤቱ ክፍት ነው የሚውለው» አለ ናስር። «ማንም ሊገባ ይችላል።»

«ይችላል። ግን በሩ ሳይሰበር ኮረንቲ እንደያዘው በምን አወቅህ? ሌላው ሰው ወድቆ ይሆናል፣ ታሞ ይሆናል ብሎ ወደ በሩ ይሮጣል። አንተ ቆጣሪው ጋ ሄድክ።»

«ጥንቃቄ ወንጀል ሆነ?»

«አልሆነም» አለችና ወደ ከድጁ ዞረች። «እትዬ፣ ሐሙስ በስልክ የተነገረዎትን ይድገሙልን።»

ከድጁ የሚሆነው የገባት አሁን ነው። ናስርን አየችው።

«ቀኑ ተሳስቶሽ ይሆናል፣ እትዬ» አላት ቀስ ብሎ። ትንሽ ልጅ ሳለ ጥፋት ሠርቶ ከባሏ እንድትደብቅለት ሲፈልግ እንዲህ ነበር የሚያያት፤ ሁልጊዜም ደብቃለታለች። አሰጋሽ ዓይኗን ከከድጁ አልነቀለችም። የልጇ ነገር በዚህች ሴት አንደበት ላይ ቀርቷል፤ ሴትዮዋ ደግሞ እህት ናት።

«አልተሳሳትኩም» አለች ከድጁ። «ሐሙስ ነው። እንዳትገቢ አልከኝ። ለእሱ እኔ እነግረዋለሁ አልክ።»

ናስር አቀረቀረ።

«እኔንስ ለምን አተረፍከኝ?»

«እህቴ ነሽ።»

«እሱ ባሌ ነበር፣ ናስር። አንተን ያስተማረህ።»

ሁለት ፖሊሶች ናስርን ከግራና ከቀኝ ያዙት። ካቴናው ከፍሬአብ እጅ ተፈታ። አሰጋሽ ልጇን ከመንካቷ በፊት ከድጁን ቀና ብላ አየች፤ በሰው ለቅሶ መሐል መደሰት ነውር መስሏት ቆመች። ከድጁ ግን ፍራሹን በመዳፏ ደግፋ፣ በዚያ በታመመ ጉልበቷ ብድግ አለች።

«ልጅሽን ውሰጂ፣ አሰጋሽ» አለቻት። «የእኔን እነሱ ይወስዱታል።»