ባንዲኩት ከየት መጣ

«‹ከአውስትራሊያ የመጣ ቃል ነው› ብለን ብንጨርሰውስ?» አለች ሱጃታ ወረቀቱን ለጠይባ እያቀበለች። «እንስሳው አሁን እዚያ ስላለ ማንም አይጠረጥርም። ፕሊስ!»

ጠይባ ድክም ብሏታል። ትናንት እናቷ ሬክስዴል ሰፈር ካለው ፋብሪካ የማታ ፈረቃ ስለገባች፣ ሁለት ወንድሞቿን አብልታ ያስተኛቻቸው እሷ ናት። ዛሬ ጠዋት የቃሉን ትርጉም «አሳማ አይጥ» እያለች ስትለማመድ ደግሞ እናቷ ከሥራ ገብታ፣ «አስተግፊሩላህ! በጁምዓ ጠዋት የምን አሳማ ነው?» ብላ አስቆመቻት።

የቤት ሥራው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ከየት እንደመጣ ማስረዳት ነው። «ባንዲኩት»ን የመረጡት በሱጃታ አያት ምክንያት ነው። ቃሉ የእሳቸው ቋንቋ፣ የቴሉጉ ነው፤ ፓንዲ አሳማ፣ ኮኩ አይጥ። ፓንዲኮኩ ማለት እንደ አሳማ የምታጉረመርም ትልቅ አይጥ ናት። እንግሊዞች ቃሉን ከሕንድ ወሰዱት፤ በኋላ አውስትራሊያ ውስጥ ሌላ እንስሳ ሲያዩ ስሙን ለጠፉበት። አያቷ ይህን ሲነግሯቸው፣ ሕንድ ሳሉ ከጎተራቸው ሩዝ እየሰረቀች ያስቸገረቻቸውን አይጥ ድምፅ አስመስለው በሳቅ ገድለዋቸው ነበር። አሁን ከክፍሉ ኋላ፣ ከተጋበዙት ወላጆች መካከል፣ የቶሮንቶን ብርድ ፈርተው ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ተቀምጠዋል።

«አያትሽ እኮ እንግሊዝኛ ይሰማሉ» አለች ጠይባ።

«አውቃለሁ! ግን የክፍላችንን ልጆች፣ እነ ብራያንን ታውቂያቸዋለሽ። ‹አሳማ አይጥ› ካልኩ እስከ ሰኔ ድረስ ስሜ እሱ ነው። አለቀልኝ።»

ጠይባ በደንብ ታውቃቸዋለች። የአገሯ ድርቅ ዜና በቴሌቪዥን ከታየ ወዲህ፣ ምሳዋን በከፈተች ቁጥር «ዛሬ ምግብ ተገኘ?» ይሏታል። መጀመሪያ ታለቅስ ነበር፤ ከዚያ መሳደብ ጀመረች፤ አሁን መልስ መስጠቱም ሰልችቷታል። ሱጃታ ላይ ይህ እንዲደርስ አልፈለገችም። ዞር ስትል ግን ሽማግሌው የቋንቋቸውን ቃል ለመስማት አንገታቸውን አስግገው ሲጠብቁ አየችና አንጀቷን በሉት።

መምህሯ የሁለቱን ልጆች ስም ጠሩ።

«ሥዕሉን አንቺ ያዢ» አለች ጠይባ። «የጎተራውንም ታሪክ አንቺ ንገሪያቸው። ትርጉሙን እኔ አነባለሁ።»

«አንቺን ይሉሻል እኮ!»

«እኔን እንደሆነ ማለታቸው አይቀርም።»

ሱጃታ በእርሳስ የጻፈችውን «አውስትራሊያ» ሰርዛ ተነሳች። ገና ፊት ሳይደርሱ ብራያን መሳቅ ጀምሯል። ጠይባ እሱን ትታ ወደ ሽማግሌው እያየች፣ እሳቸው ዘንድ እንዲደርስ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።